ሰዓቴ «አቋምሽ እየወረደ ነው» ይለኛል፤ ሌላ ጫማ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ሰላም አሰልጣኝ። 33 ዓመቴ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ሩጫ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አሁን ሱስ ሆኖብኛል። በሳምንት ስድስት ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሱሉልታ፣ አንዳንዴም እንጦጦ እንሄዳለን። ሁሌም አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ለመጨረስ እታገላለሁ። ከሁለት ወር በፊት ቆጥቤ የካርቦን ጫማ ገዛሁ፤ ለሁሉም ልምምድ የማደርገው እሱን ነው። ግን ለውጥ የለም። ሰዓቴ አቋምሽ እየወረደ ነው ይለኛል። ሱሉልታ ስሄድ ደግሞ ይብስበታል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቅልጥሜን ከውስጥ በኩል ያመኛል። የኅዳሩን የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በታች መግባት እፈልጋለሁ። ችግሩ ጫማው ይሆን? ሌላ ልግዛ?»

መልስ፦ አትግዢ። ቢያንስ አሁን አትግዢ።

«ሱስ ሆኖብኛል» ያልሽውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ይህን ቃል በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አማተር ሯጮችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ወዲህ ሰነፍ ሰው መጥቶብኝ አያውቅም። የሚመጡት ሁሉ ከልክ በላይ የሚተጉ ናቸው። ሥራዬ ሰው ማስሮጥ ይመስላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው መያዝ ነው።

የአንቺም ችግር ጫማው ብቻ አይደለም። ሳንባሽም አይደለም። ቀላል መሆን ያለበትን ቀን ታከብጂዋለሽ። ኅዳር ላይ ልትሮጪበት የምትፈልጊው ፍጥነት በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ነው። በየማለዳው የምትታገዪው ደግሞ በ6 ከ20 ነው። ስለዚህ ልምምድ የምትይው ነገር በሳምንት ስድስት ጊዜ የሚደረግ ውድድር ሆኗል።

መጀመሪያ ግን የሰዓቱን ነገር እንፍታው፤ ከሁሉም በላይ ያበሳጨሽ እሱ ይመስለኛል።

መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 እና በ2,400 ሜትር መካከል ነው። ሱሉልታ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል። ሰዎች «እዚያ ላይ ኦክስጅን የለም» ይላሉ። አለ እንጂ! ጅቡቲ ወደብም ሆነ እንጦጦ ላይ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምትስቢው ኦክስጅንም ያንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው ጅቡቲ ካለው ሰው ጋር ሲነጻጸር በየትንፋሹ ሩብ ያህል ይጎድልበታል። ሱሉልታ ላይ ጉድለቱ ይጨምራል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ከ30 በመቶ ትንሽ ያልፋል።

እዚሁ ተወልደሽ አድገሽ ከሆነ ሰውነትሽ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ደምሽም ለምዶታል። ግን አየሩ አይወፍርልሽም። ለገጣፎ አስፋልት ላይ በ6 ከ20 የምትሮጪው ጉልበት ሱሉልታ ላይ በ6 ከ40 ወይም ከዚያ በላይ ቢያስሮጥሽ ሰነፍሽ ማለት አይደለም።

ሰዓትሽ ይህን በቅጡ አይረዳልሽም። አቋምሽን የሚገምተው ፍጥነትሽንና የልብ ምትሽን አጋጥሞ ነው። ልብሽ በጣም እየመታ ቀስ ብለሽ ስትሮጪ ሲያይ «ደክማለች» ብሎ ይደመድማል። ኮሮኮንቹ አይታየውም። የሐምሌ ጭቃ አይታየውም። ማታ ሂሳብ ስትዘጊ አምሽተሽ አራት ሰዓት ብቻ መተኛትሽም አይታየውም። የልብ ምቱ ራሱ ሁሌ አይታመንም። በብርድ ማለዳ፣ ማሰሪያው ላላ ሲል፣ የልብሽን ምት ትቶ የእርምጃሽን ምት መቁጠር ይጀምራል። ልምምዱ ገና ሲጀመር ቀስ እያልሽ ሳለ 170 ካሳየሽ ምናልባት እግርሽን እየቆጠረ ነው።

ጫካ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዛችሁ ዚግዛግ ትሮጡ የለ? ሰዓቱ ያለሽበትን ቦታ በየተወሰነ ጊዜ ነጥብ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ ነጥቦቹን ቀጥ ባለ መስመር ያገናኛቸዋል። ኩርባዎቹ ይቆረጣሉ። አንቺ 8 ኪሎ ሜትር ሮጠሽ እሱ ከዚያ ያነሰ ይጽፍልሻል። ርቀቱ ሲያንስ ፍጥነትሽም የወረደ ይመስላል። ቅዳሜ ሱሉልታ ስትሄጂ እጅጌሽን ሳቢበትና ደቂቃ ብቻ ቁጠሪ። 50 ደቂቃ ሮጥኩ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አትሌቶቹን ታያቸዋለሽ። ማን ያያቸውና አያምረውም? ተሰልፈው እንደ ንፋስ ሲያልፉ አይተሽ ልትከተያቸው ይዳዳሻል። ጓደኞችሽም «ጀግኖቹ እንዲህ ነው የሚሠሩት» ይሉሻል። ግን ያየሽው የከባዱን ቀን ነው። የከባዱ ቀን አስፋልት ላይ፣ ትራክ ላይ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ነው የሚሠራው። የቀላሉ ቀን ጫካ ውስጥ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ሄደሽ እይው እስቲ። በአንድ መስመር፣ አንዱ ከፊቱ ያለውን እግር እያየ፣ ዱብ ዱብ ይላሉ። አንዳንዴ ቀልድ እያወሩ። ፍጠኑ ብትያቸው የሚቆጡበት ቀን ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) በርሊን ላይ ማራቶንን 2:03:59 ሲገባ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሮጧል። እንዲህ ዓይነት አቅም ያላቸው ሯጮች በቀላል ቀናቸው አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ሲሮጡ ማየት ብርቅ አይደለም። ዳገት ጫካ ከሆነ ከዚያም ይዘገያሉ። ከውድድር ፍጥነታቸው ሁለት ደቂቃ ወርደው ማለት ነው። አንቺ ከውድድር ፍጥነትሽ የምትወርጂው 20 ሰከንድ ነው! የእነሱን ከባድ ማክሰኞ ብቻ ቀድተሽ ቀላሉን ረቡዕ ትተሽዋል።

እኔም በጉብዝናዬ ወራት ይህን ሠርቻለሁ። እንጦጦ ላይ በቀላል ቀን ከፊቴ ያለውን ሰልፍ በጎን ቆርጬ አልፌ ሄድኩ። ማንም አልተከተለኝም። ኩራቴ አሥር ደቂቃም አልቆየ። በሁለተኛው ቀን አስፋልት ላይ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ፤ እኔ ከነባቴ ተኮማትሬ ዳር ላይ ቁጭ አልኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ዝምታቸው ነው ያሳፈረኝ።

ስለዚህ ቀላል ቀንሽ ከ7 ደቂቃ ተኩል እስከ 8 ደቂቃ፣ ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ከዚያም በላይ ይሁን። ቁጥር ካስጨነቀሽ ተይው። ከጓደኛሽ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ሐሜት፣ ሳታቋርጪ ማውራት ካልቻልሽ ፈጥነሻል። ዳገቱ ላይ ወሬው ከተቋረጠ በእግር ሂጂ። ማንም አይስቅብሽም። ቢስቁም ይሳቁ።

የቅልጥሙን ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም።

ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ። ጅማትና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። ስምንተኛ ወር ላይ ያለ ሯጭ ትንፋሹ ይበቃዋል፣ አጥንቱ ገና ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ በይና የቅልጥምሽን ውስጠኛ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ጀምረሽ ወደ ጉልበት በአውራ ጣትሽ እየተጫንሽ ውጪ። ሕመሙ ስንዝር ያህል ተዘርግቶ ከሆነ፣ ስትሞቂም የሚለቅሽ ከሆነ፣ ከልምምድ ብዛት የመጣ ቁጣ ነው። ሩጫውን ለሁለት ሳምንት በግማሽ ቀንሺ፣ ሣር ላይ ሁኚ፣ ቁልቁለት ተይ። ሕመሙ ግን በአንድ ጣት የምትጠቁሚው ነጥብ ከሆነ፣ በአንድ እግር ስትዘዪ የሚወጋሽ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ተኝተሽ የሚነዝርሽ ከሆነ አጥንቱ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሩጫው ዛሬ ይቆማል። ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ። ራጅ ተነስተሽ «ምንም የለብሽም» ቢሉሽም ሕመሙ ካለ አትመለሺ፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። አደራ፣ በቅቤ የሚያሽ ወጌሻ ጋ ሄደሽ እንዳታስጨፈልቂው። ወጌሻ አልጠላም። የተሰነጠቀ አጥንት ግን አይታሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ሴቶች ስለማይነግሩኝ ራሴ እጠይቃለሁ። የወር አበባሽ ዘግይቷል ወይም ቀርቷል? ሩጫው ጨምሮ ምግቡ ካልጨመረ ሰውነት ቁጠባ ይጀምራል፤ ከሚቆጥብባቸው ነገሮች አንዱ አጥንት ነው። እንዲህ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። የምትጾሚ ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ሳትበዪ እየቆየሽ በማለዳ ጠንካራ ልምምድ አትሥሪ። በጾሙ ሳምንታት ሩጫውን ወደ ማታ፣ ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት ማዞር ይሻላል። በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ሱፍ፤ ቤት ያለው ሁሉ ይበቃል፤ ብቻ ይብዛ። ሻይና ቡናን ከምግቡ ጋር አታድርጊ። አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና አንድ ሰዓት ያህል አቆዪአቸው። ድካሙ ካልለቀቀሽ ደም ተመርመሪ፤ ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም (ሰውነትሽ ያከማቸውን አይረን የሚያሳየው) ይታይልሽ። የአይረን ኪኒን ግን ሳትመረመሪ እንዳትጀምሪ።

ወደ ጫማው እንምጣ። ይህን ርዕስ እወደዋለሁ፤ ብዙ ካወራሁ ይቅር በይኝ።

የካርቦን ጫማ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ሶል፣ በመካከሉ የተኛ ጠንካራ የካርቦን ሳህን። ለስላሳው ሶል ስትረግጪ ይታመቅና ሲመለስ ይገፋሻል፤ ሳህኑ ሶሉን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በፍጥነት፣ በአስፋልት፣ ቀጥ ባለ መስመር ስትሮጪ ነገሩ ይሠራል። በ7 ደቂቃ ኮሮኮንች ላይ ግን ከፍ ያለ ጫማ አድርጎ ድንጋይ ላይ እንደመቆም ነው። ቁርጭምጭሚትሽ በየእርምጃው ይወዛወዛል። እሱን ለመያዝ ከውስጥ በኩል ያለው ጡንቻ ይደክማል። የትኛው ጡንቻ መሰለሽ? እዚያው የሚያምሽ ቦታ ላይ የተያያዘው። ስለዚህ ጫማው ሙሉ በሙሉ ንጹህ ነው አልልሽም። ያለቦታው ነው የገባው።

ለዓላማው ሲውል እንዴት እንደሆነ እይ። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ነበር። አምራቹ ራሱ ጫማው ለአንድ ማራቶንና ለመለማመጃ ያህል ብቻ የተሠራ ነው ብሏል። አንቺ እንደዚያ ያለ ነገር ለስድስት ቀን ኮሮኮንች ታደርጊዋለሽ።

የተገላቢጦሹም አለ። የሶሉ ውፍረት በውድድር ላይ ከ40 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። በ2021 ቪየና ማራቶን ላይ ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ወጥቶ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰረዘ። አንድ ሴንቲ ሜትር! ያን ዜና ያነበብኩ ቀን ሆዴን አመመኝ። በእርግጥ ከመቶዎች መካከል ለምትገቢው ለአንቺ ማንም ማስመሪያ ይዞ አይመጣም።

ደግሞ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ በ1960 ሮም ላይ፣ 2:15:16። ግን ታሪኩን እዚያ ላይ ያቆሙታል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2:12:11 ገባ።

እና ምን ታድርጊ? የካርቦኑን ጫማ አጽጂና አስቀምጪው። ለፈጣን ቀንና ለኅዳር ይሁን። ለሌላው ቀን ተራ የልምምድ ጫማ በቂ ነው፦ ሰፋ ያለ መሠረት ያለው፣ ተረከዙ ላይ የሚይዝ፣ ከታች ጥርስ ያለው። ከካርቦኑ በፊት የምትሮጪበት ጫማ ይኖርሽ የለ? ሶሉ ካላለቀ እሱን አውጪው። ለዚህ ነው አትግዢ ያልኩሽ።

መግዛት ግድ ከሆነ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። እዚህ አገር ጫማ በሦስት መንገድ ይመጣል፦ ከሱቅ፣ ከሳልባጅ፣ እና ከስፖንሰር የተሰጣቸውን ከሚሸጡ አትሌቶች። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። ሳልባጁም አይናቅም። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ከኋላ እይው፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተይው። የሶሉን ጎን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ እንደ ደረቀ ዳቦ ከጠነከረ ሞቷል። ያልተረገጠ ጫማም መጋዘን ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ይደርቃል። ከሰዓት በኋላ ሂጂና ለኪ፤ እግር ሲውል ያብጣል። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ክፍት ቦታ ይኑር። እኔ በዚህ ዕድሜዬ «ኦርጅናል ነው» ተብዬ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጫማ በአራተኛው ቀን ሰንዳፋ መንገድ ላይ አፉን ከፍቶ ሳቀብኝ። ማስቲሽ ነበር የያዘው። ክረምት ላይ ሲረጥብ ደግሞ ከሰል አጠገብ አታስቀምጪው። ውስጡን አውጥተሽ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት፤ ሲያድር ይደርቃል።

ልምምዱን ወደ አራት ቀን አውርጂው። ቅልጥምሽ ከተሻለው በኋላ ማክሰኞ 40 ደቂቃ ዱብ ዱብ። ሐሙስ በደንብ ካፍታታሽ በኋላ አስፋልት ላይ ስድስት ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ በውድድር ፍጥነት፤ በየመካከሉ ሁለት ደቂቃ በዝግታ። ቀስ በቀስ ሁለቱን ደቂቃ ወደ አራት ታደርሻለሽ። የካርቦን ጫማሽ እዚህ ይመጣል። ቅዳሜ ሱሉልታ፣ ሣር ላይ፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ። እሑድ አጭርና ቀላል። ሌላ ጊዜ ደረጃ ላይ በጣትሽ ቆመሽ ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፣ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። እንጦጦ ከሄድሽ ሮጠሽ ወጥተሽ በእግርሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ቅልጥም የሚሰባበረው ሲወርዱ ነው።

ስለ መንገዱ፣ ለብቻሽ በጨለማ አትውጪ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሐምሌ ላይ ገና ጨለማ ነው፤ ጅብም ያልገባበት ሰዓት ነው። በቢሮ ሰዓት ምክንያት ግድ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ። ውሻ ሲመጣ አትሩጪ፤ ቁሚና ድንጋይ እንደምታነሺ ጎንበስ በይ። የጎጃም መንገድ ላይ የጭነት መኪና ስለሚበዛ በግራ በኩል፣ መኪናው ከፊትሽ እየመጣ እያየሽ ሩጪ።

ኅዳር ላይ የሚሆነውን ከአሁኑ ልንገርሽ። ታላቁ ሩጫ በ2001 ሲጀመር በ10,000 ሰው ነበር፤ አሁን የዚያ ብዙ እጥፍ ሆኗል። ጭፈራው፣ ዘፈኑ፣ ቆሞ ፎቶ የሚነሳው፣ ልጁን ትከሻው ላይ የተሸከመው፤ ሁሉም አብሮሽ ነው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ አይሆንልሽም። ሰው ለማለፍ በግራ በቀኝ ከተሹለከለክሽ ርቀቱን ታረዝሚያለሽ፣ ትንፋሽሽንም ትጨርሻለሽ። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በታች መግባትን እዚያ ላይ አታንጠልጥዪው። ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ እሑድ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ሜዳ በሆነ አስፋልት ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን ለብቻችሁ ሞክሩት። በአቃቂ በኩል ከሆነ ከፍታውም ከሱሉልታ በጣም ያንሳል። 59 ደቂቃሽን እዚያ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። መስቀል አደባባይ ላይ ደግሞ ትጨፍሪያለሽ።

ለጊዜው ግን ዛሬ ማታ ቅልጥምሽን ተጫኚና ጻፊልኝ። ስንዝር ነው ነጥብ? ነጥብ ከሆነ ቅዳሜ ሱሉልታ አትሂጂ፤ ለጓደኞችሽም አሰልጣኙ ከለከለኝ በያቸው።